ስለ ጎንደሩ የሕክምና ግቢ ታሪክ ጥያቄና መልስ

ስለ ጎንደር ሕክምናና ጤና ሳይንስ ኮሌጅ ታሪክ ያቀረባችኋቸውን ጥያቄዎች በተራ እመልሳለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ መምህር፣ በአገራችን ሐኪም ማሠልጠን የተጀመረው ጎንደር ነው ሲባል እሰማለሁ። እውነት ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ ስሕተቱ ግን ምክንያት አለው። ግቢው በ1954 ስለተከፈተ በ1964 ማስተማር ከጀመረው ከአዲስ አበባው የሕክምና ፋኩልቲ በ10 ዓመት ይቀድማል። ሆኖም መጀመሪያ ያሠለጥናቸው የነበሩት ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና ሳኒታሪያኖችን (የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎችን) ነው። የሐኪሞች ትምህርት የተከፈተው በ1978፣ ያኔ በካርል ማርክስ ስም ይጠራ ከነበረው ከምሥራቅ ጀርመኑ የላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ ጋር በተደረገ ትብብር ነው።

ጥያቄ፦ ጎንደር ለምን ተመረጠች?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስለጠየቁኝ ደስ ብሎኛል። በ1953 ከጣና ሐይቅ በስተሰሜን በሚገኘው በደምብያ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ወደ 7,000 የሚጠጋ ሰው ፈጅቷል። ደምብያ ውኃ የሚያቁር ሜዳ ነው፤ ክረምቱ ሲወጣ በከብት ኮቴ ውስጥ የቀረች ጥቂት ውኃ እንኳ ፀሐይ ካገኘች ለወባ ትንኝ መራቢያ ትበቃለች። እንዲህ ያለውን በሽታ ሆስፒታል ተቀምጦ መከላከል ስለማይቻል፣ ጤና መኮንኑ በሽተኛ እያከመ ጤና ጣቢያውን እንዲመራ፣ ነርሷ ቤት ለቤት እየዞረች እናቶችንና ሕፃናትን እንድትከታተል፣ ሳኒታሪያኑ ደግሞ ምንጭ እንዲያጎለብት፣ መጸዳጃ እንዲያስቆፍርና ያቆረ ውኃ እንዲያስደርቅ ታስቦ ሦስቱ በአንድ ግቢ አብረው ሠለጠኑ። በእኔ እምነት ከግቢው ታሪክ ሁሉ ትልቁ ይህ ነው።

ጥያቄ፦ ያቋቋመው ዩኤስኤይድ ነው የሚል ጽሑፍ አንብቤያለሁ።

መልስ፦ ዩኤስኤይድ ራሱ የተመሠረተው በ1961 ነው። ኮሌጁን ያቋቋመው የኢትዮጵያ መንግሥት ሲሆን፣ የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና በወቅቱ ‹ፖይንት ፎር› ይባል የነበረው የአሜሪካ መንግሥት የእርዳታ መርሐ ግብር ተባብረውታል።

ጥያቄ፦ የጤና መኮንን ሥልጠና ተቋርጦ ያውቃል?

መልስ፦ አዎ፤ በደርግ ዘመን ተቋርጦ በ1990ዎቹ እንደገና ተጀምሯል።

ጥያቄ፦ ኮሌጁ ከተመሠረተበት ዘመን ዛሬ የሚታይ ምን ቀርቷል?

መልስ፦ ተማሪዎች ‹ቲቲፒ› የሚሉት የቡድን ሥልጠና አለ። የሕክምና፣ የጤና መኮንን፣ የነርሲንግና የላቦራቶሪ ተማሪዎች ሊመረቁ ሲቃረቡ በአንድ ቡድን ተደራጅተው ወደ ገጠርና ወደ ትንንሽ ከተሞች ጤና ጣቢያዎች ይወጣሉ፤ እዚያም ለሳምንታት አብረው እየኖሩ በሽተኛ ያክማሉ፣ የአካባቢውን የጤና ችግር ያጠናሉ።