ቁራ አሳድጋለሁ፤ ጠይቁኝ

ቁራዬ ከሰል ዘጠኝ ዓመቱ ነው። እጄ የገባው ላባው ሳይሞላ፣ ክንፉ ተሰብሮ ነው። አጥንቱ ተጣሞ ስለገጠመ አይበርም፤ ፈቃድ አውጥቼ ቤቴ ቀረ። ወንድ ነው የምለው በግምት ነው። ቁራን በዐይን አይቶ ወንድና ሴት መለየት አይቻልም፣ ምርመራ ይጠይቃል። ስለ እሱ የሚጠይቀኝ ሰው ስለበዛ መልሱን እዚሁ ባንድ ላይ ልስጥ።

ዛፍ ሥር የቁራ ጫጩት አገኘሁ። ቤት ልውሰደው?

ቆይ፣ መጀመሪያ በደንብ እየው። ሰውነቱ ላባ ለብሷል? ጅራቱ አጭር ሆኖ እየዘለለ ይሄዳል? ዐይኑ ሰማያዊ የሚመስል ግራጫ ነው? እንግዲያው አልጠፋም፣ መብረር እየተለማመደ ነው። እናትና አባቱ እላይ ሆነው እያዩህ ነው፤ ምናልባትም እየሰደቡህ። ድመት ወይም መኪና ካሰጋህ ቅርብ ያለ ቅርንጫፍ ላይ አስቀምጠውና ዞር በል። ገና ራቁቱን ከሆነ ደግሞ ጎጆው ከተደረሰበት መልሰው። "የሰው እጅ ከነካው እናቱ ትተወዋለች" የሚባለው ውሸት ነው። ደም ካለው፣ ክንፉ ከተንጠለጠለ ወይም ዝንብ ከወረረው ግን በቀጥታ ወደ ሐኪም።

ሕጉንም ጠይቅ። ለምሳሌ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1918 በወጣው የስደተኛ ወፎች ሕግ ምክንያት ያለ ፈቃድ ቁራ ቤት ማኖር ክልክል ነው።

እሺ፣ ሐኪም እስካገኝ ምን ላብላው?

ወተት የለም፤ ወፍ ወተት አይፈጭም። ዳቦም ሆዱን ከመሙላት በቀር አይረባውም። በውሃ የራሰ የድመት ደረቅ ምግብ ወይም የተቀቀለ እንቁላል በትንሽ በትንሹ በወረንጦ ስጠው። ትንሽ ጫጩት ከጎህ እስከ ምሽት በየግማሽ ሰዓቱ አፉን ይከፍታል። ሌሊት ይተኛል፣ ተመስገን ነው።

ውሃ አፉ ውስጥ እንዳታንጠባጥብ! ይህን የምለው ስላጠፋሁ ነው። የመተንፈሻው ቀዳዳ ምላሱ ሥር ነው ያለው። በሁለተኛው ቀን ከሰል ጠምቶታል ብዬ በስሪንጅ ሁለት ጠብታ ሰጠሁት። ወዲያው አንገቱን ዘረጋ፣ ከአፍንጫው ትንሽ አረፋ ወጣ፣ እኔም እንደ ዛፍ ደርቄ ቀረሁ። ተረፈ። የሚበላው ምግብ ከራሰ ውሃው በቂ ነው።

ሌላው ስህተት ሥጋ ብቻ ማብላት ነው። ካልሲየም ሲያንሰው አጥንቱ ይለሰልሳል፣ እግሩ ይጣመማል። ሲያድግ ነፍሳት፣ እንቁላል፣ ፍራፍሬ፣ እህል፣ ሁሉንም ይበላል። አቮካዶና ቸኮሌት ግን መርዙ ነው፤ ጨው የበዛበትም ይቅር።

እንዴት ነው የሚለምደኝ? የኔ ሲያየኝ ጥግ ይይዛል።

ስለምታየው ነው። አትየው። እኔ ወለል ላይ ጀርባዬን ሰጥቼው እየተቀመጥኩ ጋዜጣ አነብ ነበር። ምግቡን ክንድ የሚያህል ርቀት ላይ አስቀምጬ ዝም። ሁለት ሳምንት ምንም የለም። ከዚያ አንድ ቀን የጫማዬ ማሰሪያ ሲጎተት ተሰማኝ። ዞር አላልኩም። ጎተተ፣ ሸሸ፣ ተመልሶ መጣ፣ ማሰሪያውን ፈታው። በማግስቱ የሌላኛውን እግር ፈታ። ጓደኝነታችን የተጀመረው በጫማ ማሰሪያ ነው።

አትያዘው፣ አታሯሩጠው። አንዴ በጉልበት ከያዝከው የወር ሥራ ገደል ገባ። አንድ ቀን አንገቱን ደፍቶ የጭንቅላቱን ላባ ነፋ አድርጎ ፊትህ ቢቆም ትልቅ ነገር ነው፤ "እከክልኝ" እያለህ ነው። ቁራዎች እርስ በርስ እንዲህ ይተካከካሉ። ጭንቅላቱንና አንገቱን ብቻ እከክ። ጀርባውንና ክንፉ ሥር ከነካካህ ሌላ ነገር ያስባል።

ሰው ይለያል የሚባለው እውነት ነው?

እንዴታ! ሲያትል የሚገኘው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪው ጆን ማርዝሉፍና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2006 ጭምብል አጥልቀው ጥቂት ቁራዎችን ያዙ፣ ምልክት አስረው ለቀቋቸው። ከዚያ በኋላ ያንን ጭምብል ያጠለቀ ሰው ባለፈ ቁጥር ቁራዎቹ ይጮሁበት ነበር፣ ለዓመታት። ጭራሽ ያልተያዙትም አብረው ይጮሁ ጀመር። የኔው ደግሞ አንዴ በመጥረጊያ ያባረረውን ጎረቤቴን እስካሁን አልማረውም። ሰውዬው ይቅርታም እንቁላልም ይዞ መጥቷል፤ እንቁላሉን በላ፣ ጮኸበት።

ያወራል? ምላሱ መቆረጥ አለበት ይላሉ።

ማን ነው እንዲህ የሚለው? ምላስ መቁረጥ ጭካኔ ነው፣ ጥቅምም የለውም። የወፍ ድምፅ የሚወጣው ከምላስ ሳይሆን ከመተንፈሻ ቱቦው ታችኛ ጫፍ ነው። ከሰል "ና" ይላል፣ ሳሌንም ያስመስላል። ቀሪውን ጊዜ እንደ ተረቱ የራሱን ስም ይጠራል።

ይሰርቃል?

ይደብቃል በለው። የሚያብረቀርቅ ይወዳል የሚባለው ተጋኗል፤ በብዛት የሚደብቀው ምግብ ነው። ጫማህን ሳታራግፍ አታድርግ።

ጋሼ፣ ባለቤቴን ይነክሳል። እኔን ግን ይወደኛል። ምን ላድርግ?

ስንት ዓመቱ ነው? ሁለት ሦስት ዓመት ከሆነው ጉርምስና ነው። ብቻውን በሰው እጅ ያደገ ቁራ ራሱን ከሰው ይቆጥራል፣ ከሰውም የትዳር ጓደኛ ይመርጣል። አንተን መርጧል። ኮንራድ ሎሬንዝ የሚባል ኦስትሪያዊ የእንስሳት ጠባይ ተመራማሪ፣ እ.ኤ.አ. በ1973 ኖቤል የተሸለመ፣ ከቁራ ወገን የሆነ ትንሽ ወፍ አሳድጎ ነበር። ወፉ ወደደውና ትል ይመግበው ጀመር። አፉን ሲዘጋበት ትሉን ጆሮው ውስጥ ከተተለት። ሲያወሩት ያስቃል፣ ሲኖሩት ግን ከባድ ነው። እኔ አራት ቀን መንገድ ሄጄ ስመለስ ከሰል የደረቱን ላባ ነቅሎ ጠበቀኝ።

ለጊዜው የሚወደውን ምግብ ባለቤትህ ብቻ ትስጠው፤ አንተ ባዶ እጅህን ሁን። ለከርሞው ደግሞ እወቅ፦ ቁራ በሰው እጅ ከ20 ዓመት በላይ ሊኖር ይችላል።

ጤነኛ ነው፣ ልለቀው አስባለሁ። ይመለስ ይሆን?

የኖኅ ቁራም አልተመለሰ! ቀልዱን ትተን፣ በር ከፍቶ መልቀቅ ብቻውን በደል ነው። ሰው ብቻ የሚያውቅ ቁራ ከቁራ ጋር መኖር አይችልም፣ የማያውቀው ሰው ትከሻ ላይ ሄዶ ያርፋል፣ ዱላ ይቀምሳል። የዱር እንስሳት ማገገሚያ ካለ ለነሱ ስጥ። እኩዮቹ ጋር ቀላቅለው ቀስ በቀስ ያወጡታል። በቶሎ ባደረግከው ቁጥር ይሻላል።

የሰጠሁትን ሁሉ ውሃ ውስጥ ይነክራል። ታሞ ይሆን?

አልታመመም። ደረቅ ነገር እያራሰ ነው፣ ብዙዎቹ ያደርጉታል። ሰፊ ውሃ አስቀምጥለት፣ ቶሎ ቶሎም ቀይር። ካላስቀመጥክ ያገኘው ውስጥ ይነክራል። እኔ የሻይ ብርጭቆዬን በክዳን የምዘጋው ለዚያ ነው፤ ከሰል ደግሞ በዚህ ሳምንት ክዳኑን ማንሳት ጀምሯል።