የተዋሰችውን መጽሐፍ ለአባቷ አትንገሪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። የ20 ዓመቷ ወጣት ከምትሠሪበት ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ትዋሳለች፤ አባቷ መጥተው «ልጄ ምን እያነበበች ነው?» ብለው ጠየቁሽ፤ ኃላፊሽም «የተከበሩ ሰው ናቸው፤ ንገሪያቸው» አሉሽ። አትንገሪ። እኔ እዚሁ ባሕር ዳር በአንድ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የውሰት ክፍል ውስጥ 19 ዓመት ሠርቻለሁ። ይህን የምልሽ ከሥልጠና ባገኘሁት ትምህርት አይደለም፤ አንድ ቀን ክፉኛ ስላፈርኩ ነው።

በዚያን ጊዜ መደርደሪያችን ለአንባቢ ዝግ ነበር። አንባቢው ግማሽ ገጽ በምታህል ወረቀት ላይ ስሙን፣ የመታወቂያውን ቁጥርና የመጽሐፉን ርእስ ይሞላል፤ እኛ መታወቂያውን ይዘን መጽሐፉን እናወጣለታለን፤ ወረቀቷ ላይም እንፈርማለን። መጽሐፉ ሲመለስ መታወቂያው ከባለቤቱ ጋር ይሄዳል፤ ወረቀቷ ግን እኛ ዘንድ ትቀራለች። በጆንያ እናጠራቅማቸው ነበር። ለምን እንደምናጠራቅም የጠየቀ አልነበረም። ጆንያው ሲሞላ ከአሮጌ ጋዜጣ ጋር በኪሎ ይሸጣል።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ጣና ዳር፣ ወደ ዘጌ የሚሄዱት ጀልባዎች ከሚነሡበት አካባቢ፣ የገብስ ቆሎ ገዛሁ። ሻጯ በስኒ ሰፍራ በወረቀት ጠቀለለችልኝ። እየቆረጠምኩ ስሄድ ወረቀቱ ላይ የማውቀውን የእጅ ጽሑፍ አየሁ። ቆሎውን ኪሴ ውስጥ ገልብጬ ዘረጋሁት። የሰፈሬ ሴት ሙሉ ስም አለበት፤ ቀጥሎ ስለ ኤች አይ ቪ የተጻፈ መጽሐፍ ርእስ፤ ከግርጌው የእኔ ፊርማ።

ተመልሼ ሻጯ ያስቀመጠችውን ወረቀት በሙሉ ገዛኋት። ምን እንደነካኝ አልገባትም። ከዚያ በፊት የተበተነውን ግን ማን ይሰበስበዋል? ያቺ ሴት መጽሐፉን ለራሷ ፈልጋው ይሁን፣ ለእህቷ ወይም ለትምህርቷ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሰፈር ደግሞ እንዲህ ያለውን ነገር ሲያይ አይጠይቅም፤ ይፈርዳል።

በማግስቱ ወረቀቷን ለኃላፊያችን አሳየሁ። ከዚያ በኋላ መጽሐፍ ሲመለስ ስም ያለበትን ክፍል እዚያው አንባቢው ፊት ቀድደን እንጥላለን። ለወር ሪፖርት የሚያስፈልገን ስንት መጽሐፍ እንደወጣ እንጂ ማን እንደወሰደው አይደለም። ስለዚህ መጀመሪያ የምመክርሽ መሳቢያሽን እንድታዪ ነው። የሌለሽን ነገር ማንም ሊያስወጣሽ አይችልም። ድሮ በብዙ አገር ይሠራበት የነበረው የብራውን ዘዴ ይህን በሚገባ ይጠብቅ ነበር፤ የመጽሐፉ ካርድ እንደ ኪስ በተሠራው የአንባቢው ካርድ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል፤ መጽሐፉ ሲመለስ ሁለቱ ይለያያሉ፤ የሚመሰክር ነገር አይቀርም። በአንጻሩ የተዋሾች ስም በተራ የሚጻፍበት ካርድ ከመጽሐፉ ጀርባ ካለ፣ ቀጣዩ አንባቢ የቀደሙትን ሁሉ ያውቃል። እንዲህ ያለው ካርድ ካላችሁ አስወግዱት። በኮምፒውተር፣ ለምሳሌ ኮሃ በሚባለው የቤተ መጻሕፍት ሶፍትዌር፣ የምትሠሩ ከሆነ፣ መጽሐፉ ከተመለሰ በኋላ የአንባቢውን ስም ከውሰቱ መዝገብ የሚነጥል ምርጫ አለው፤ ባለሙያው እንዲያስተካክለው ጠይቂ።

አፋችንም አለ። «ስለ ፍቺ የሚለውን የጠየቀችው ማን ናት?» እያሉ በአዳራሹ መጣራት ከጆንያው አይሻልም። እኛ በተራ ቁጥር እንጠራለን።

ሕጉም ከጎንሽ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 የግል ሕይወት እንዲከበር ይደነግጋል፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰው መረጃ ለተሰበሰበበት ዓላማ ብቻ እንዲውል ይጠይቃል። ፖሊስ ቢመጣ እንኳ በትሕትና የፍርድ ቤት ትእዛዝ ጠይቂና ጉዳዩን ወደ ኃላፊሽ ምሪው። ልጅቷ ሕፃን ብትሆን ነገሩ ሌላ መልክ ይኖረው ነበር፤ ዋስ የሆነ ወላጅ ስላልተመለሰ መጽሐፍ መጠየቁ አይቀርም። የ20 ዓመት ሰው ግን ለራሷ ትበቃለች።

ለአባትየው ሕግ አትጥቀሺላቸው። እኔ የምለው ይህን ነው፦ «ጋሼ፣ የእርስዎንም ቢሆን ለማንም አልናገርም። እርሷን ራሷን ቢጠይቋት ይሻላል።» ጭንቀታቸው የአባት ጭንቀት ነውና ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ፣ ከመቀመጫሽ ተነሥተሽ በያቸው። የሚቆጡ አሉ። «የእርስዎንም» የምትለዋን ሲሰሙ ግን ብዙዎቹ ዝም ይላሉ።

ከኃላፊሽ ጋር ፊት ለፊት አትጋጪ። «ትእዛዙን በጽሑፍ ይስጡኝ» በያቸው። ከዓመታት በኋላ የመጡ አንድ ኃላፊ እንዲህ ስላቸው እስክሪብቶ አነሡ፤ ጥቂት አሰቡና መልሰው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።