የአየር ፎቶግራፍ ንባብ፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ጥያቄ፦ ቨርቲካል (ቀጥ ብሎ ወደ ታች የተነሳ) እና ኦብሊክ (ካሜራው አጋድሎ የተነሳ) ፎቶን በአንድ እይታ እንዴት እለያለሁ?

መልስ፦ መጀመሪያ አድማሱን ፈልግ። ከታየ ሃይ ኦብሊክ ነው። ካሜራው አጋድሎ አድማሱ ካልገባ ደግሞ ሎው ኦብሊክ። «ሃይ» እና «ሎው» የሚናገሩት የካሜራውን ማጋደል ነው፤ ብዙዎች የአውሮፕላኑ ከፍታ እየመሰላቸው ይሳሳታሉ። ቀጥ ብሎ ወደ ታች የተነሳው፣ ማለትም ከ3 ዲግሪ በላይ ያላጋደለው፣ ቨርቲካል ነው። ርቀት የሚለካው በእሱ ላይ ብቻ ነው። በኦብሊክ ላይ የቅርቡ ይተልቃል፣ የሩቁ ያንሳል፤ ማስመሪያ አይሠራም።

ጥያቄ፦ ፎቶው ስኬል (በፎቶው ላይ ያለው ርቀት ከመሬቱ ርቀት ጋር ያለው ምጣኔ) የለውም። ጠርዙ ላይ ፎካል ሌንግዝ (በካሜራው ውስጥ ከሌንሱ እስከ ፊልሙ ያለው ርቀት) 152 ሚሊ ሜትር፣ ከፍታ 5,440 ሜትር ይላል። ቦታው አዲስ አበባ ነው። 1፡35,800 ገደማ አገኘሁ፤ ልክ ነኝ?

መልስ፦ አይደለህም፤ መሬቱን ረስተኸዋል። 5,440 የተቆጠረው ከባህር ወለል ነው። ፎቶው መሐል ላይ ያለው መሬት ራሱ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ከሆነ፣ ካሜራው ከመሬት የራቀው 3,040 ሜትር ነው። ፎካል ሌንግዙ፣ 0.152 ሜትር፣ ሲካፈል ለ3,040 ደግሞ 1፡20,000 ይሰጣል። ፎቶው ላይ 4 ሴንቲ ሜትር የሆነ መንገድ መሬት ላይ 800 ሜትር ነው፤ በአንተ ስሌት ግን 1.4 ኪሎ ሜትር ሊሆን ነው። በቆላ ስህተቱ ትንሽ ነው፣ በደጋ ሥራውን ሁሉ ያበላሻል። ደግሞ እዚያው ፎቶ ላይ የእንጦጦ ተራራ ከገባ፣ 3,000 ሜትር ላይ ስኬሉ ወደ 1፡16,000 ይሄዳል። ስለዚህ አንዱን ስኬል ለተራራውም ለሜዳውም አትጠቀም።

ጥያቄ፦ ወንዙ አናት ላይ፣ ተራራው ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ ይታየኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ፎቶውን አዙሪው። ዓይናችን ብርሃን ከላይ እንደሚመጣ ይገምታል። እኛ ዘንድ ግን በበጋ ጠዋት ፀሐይዋ ደቡብ ምሥራቅ ስለምትሆን፣ ሰሜንን ወደ ላይ አድርገሽ ስታዪው ጥላው ሽቅብ ይወድቃል፤ ዓይን የሚታለለው ያኔ ነው። ጥላው ወደ አንቺ እስኪወድቅ አዙሪው፤ ሸለቆው ወዲያው ይጎደጉዳል። በስቴሪዮስኮፕ (ከሁለት ቦታ የተነሱ የአንድ መሬት ፎቶዎችን አጣምሮ ከፍታና ዝቅታውን በሚያሳይ መሣሪያ) ጥንድ ፎቶ እያየሽ ከሆነ ግን የግራውና የቀኙ ቦታ ተቀያይሮ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ ጠቆር ያለው ሁሉ ደን ነው?

መልስ፦ በፍጹም። በጥቁርና ነጭ ፎቶ ላይ ጥርት ያለ ውሃም፣ እርጥብ ማሳም፣ የደመና ጥላም ይጠቁራል። ድፍርስ ውሃ ደግሞ ይነጣል። ከቀለሙ ይልቅ ገጹንና ጠርዙን እይ። የባህር ዛፍ ተክል ገጹ ደቃቅና እኩል፣ ጠርዙ በገመድ የተለካ ይመስላል። የአገር በቀል ደን ገጹ ጎርባጣ ነው፤ ትልልቆቹ አናቶች አንድ በአንድ ይለያሉ። ጎጃም ወይም ጎንደር ላይ በማሳ መሐል ክብ የሆነ ጎርባጣ ጥቁረት አይተህ፣ መሐሉ ላይ ትንሽ ደማቅ ክብ ካገኘህ፣ ደማቁ የቤተ ክርስቲያን ጣሪያ፣ ጥቁረቱ ቅጥሩን የከበበው ደን መሆኑን በድፍረት ጻፍ። ወደዚያ የሚሰባሰቡ ቀጫጭን ነጭ መስመሮች የእግር መንገዶች ናቸው፤ ግምትህን ያጠናክሩልሃል።

ጥያቄ፦ ጥንድ ፎቶ ምን ያህል መደራረብ አለበት?

መልስ፦ በበረራው አቅጣጫ 60 በመቶ ገደማ፣ በጎን ከ20 እስከ 30 በመቶ። በበረራው አቅጣጫ ከ50 በመቶ ካነሰ፣ በአንድ ፎቶ ብቻ የሚታይ መሬት ይተርፋል፤ እዚያ ላይ ከፍታውን ማየት አይቻልም።