«በየትኛው ሪንግ ላይ?»፦ አልጀብራ ለምትማሩ ወጣቶች

ውድ የሁለተኛ ዲግሪ የአልጀብራ ተማሪዎች፣

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የምኖረው በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ በአቃቂ በኩል ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ነው። አንዳንዶቻችሁ የታክሲ ሰልፉን ችላችሁ እዚህ ድረስ እየመጣችሁ ስለ ሞጁሎች (አባሎቻቸው እርስ በርስ የሚደመሩና በአንድ ሪንግ፣ ማለትም መደመር፣ መቀነስና ማባዛት በሚቻልበት ስብስብ፣ አባላት የሚባዙ ስብስቦች) ሆሞሎጂካል ዳይሜንሽን ስትጠይቁኝ፣ አስቀድሜ የምመልስላችሁ በጥያቄ ነው፤ ይህን ደብዳቤ የጻፍሁት ያ ጥያቄ ከየት እንደመጣ ላስረዳችሁ ነው።

ተማሪ ሳለሁ በቃል ፈተና ላይ፣ ኢንቲጀሮች በ2 ሲካፈሉ ከሚተዉት ቀሪ የሚገኘው ባለሁለት አባል ሞጁል ፕሮጀክቲቭ ዳይሜንሽኑ (ማለትም በአመንጪዎቹ መካከል ያሉትን ግንኙነቶች፣ የግንኙነቶቹንም ግንኙነቶች እየተከተልን ስንወርድ በስንት እርከን እንደምናበቃ) ስንት እንደሆነ ተጠየቅሁ። ሳላመነታ «አንድ» አልሁ። ፈታኙ «በየትኛው ሪንግ ላይ?» ሲሉኝ የተጠየቅሁት ነገር እንኳ አልገባኝም ነበር፤ የዚያን ዕለት ሐፍረት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

በኢንቲጀሮች ሪንግ ላይ ከሆነ መልሴ ልክ ነው። ኢንቲጀሮችን ወደዚህ ሞጁል ስንልክ ወደ ዜሮ የሚሄዱት ተጋማሾቹ ናቸው፤ እነርሱም ሁሉም የ2 ብዜቶች ስለሆኑና 2 ራሱ በምንም ግንኙነት ስላልታሰረ ፍሪ ሞጁል ይሆናሉ፣ ሥራውም እዚያው ያበቃል። ሪንጉ 0፣ 1፣ 2 እና 3 ብቻ ያሉት፣ በ4 ቀሪ የሚሰላው ሲሆን ግን ወደ ዜሮ የሚሄዱት 0 እና 2 ናቸው፤ እነዚህ ሁለቱ ደግሞ የተነሣንበትን ሞጁል መልሰው ስለሚሰጡን፣ በ2 ማባዛትን እየደጋገምን ያለ ማቋረጥ እንወርዳለን። ዳይሜንሽኑ ኢንፊኒቲ ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችሁ የምትሳሳቱበትን ነገር ልጠቁም። የጻፋችሁት ሪዞሉሽን (ይህ የእርከኖች ሰንሰለት) አላልቅ ማለቱ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም፤ ዳይሜንሽን የሚለካው ከሚቻሉት ሁሉ በአጭሩ ሪዞሉሽን ነውና፣ ሌላ ሰው አጭር ሊያገኝ ይችላል። አጭር አለመኖሩን የሚያሳየው ኤክስት ነው፤ ይህም ከሪዞሉሽኑ እርከኖች ወደ ሌላ ሞጁል የሚሄዱትን ሆሞሞርፊዝሞች (መደመርንና ማባዛትን የሚጠብቁ ካርታዎች) ወስደን የምናሰላው፣ የትኛውም ሪዞሉሽን ቢመረጥ የማይለወጥ ነገር ነው፤ በአንድ እርከን ላይ ዜሮ ካልሆነ የትኛውም ሪዞሉሽን ከዚያ እርከን አያጥርም። በምሳሌያችን ከእያንዳንዱ እርከን ወደ ባለሁለት አባሉ ሞጁል የሚሄዱትን ሆሞሞርፊዝሞች ብንወስድ፣ በ2 ማባዛት እዚያ ዜሮ ስለሚሆን በየእርከኑ ያለው ኤክስት ሳይጠፋ ይቀራል። ይህን ሁለት መስመር ሳይጽፍ «ኢንፊኒቲ» የሚል ተማሪ፣ እኔን ብትጠይቁኝ፣ ግማሽ ነጥብ ብቻ ይገባዋል።

ሰፈራችን ቤት የሚሠራ ሰው ሁሉ ይህን ነገር በራሱ መንገድ ያውቀዋል። አንዱ ፕላን ድንጋያማ መሬት ላይ ሲያርፍ መሠረቱ ቶሎ ያልቃል፤ ክረምት የሚያብጥ፣ በጋ የሚሰነጠቅ ጥቁር አፈር ላይ ሲሆን ግን ቁፋሮው ባለቤቱን ያስለቅሳል።

ጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ ዴቪድ ሂልበርት እ.ኤ.አ. በ1890 ያረጋገጠው መሬቱ መልካም ሲሆን ምን እንደሚገኝ ነው፤ በአንድ ፊልድ (ከዜሮ በቀር በሁሉም አባል ማካፈል የሚቻልበት ኮሙታቲቭ ሪንግ) ላይ ባሉ ፖሊኖሚያሎች ሪንግ ውስጥ ተለዋዋጮቹ ስንት ቢሆኑ፣ በውሱን አመንጪዎች የተገኘ ግሬድድ (በዲግሪ የተደለደለ) ሞጁል ሁሉ ከዚያ ቁጥር ያልበለጠ ርዝመት ያለው ፍሪ ሪዞሉሽን አለው። በአመንጪዎች መካከል ያለው ግንኙነት ሲዚጂ ይባላል፤ የቃሉ የግሪክ ሥር በአንድ ቀንበር መጠመድን ስለሚያመለክት እኔ በግሌ «ጥማድ» እለዋለሁ። ኤክስ እና ዋይ የሚያመነጩትን አይዲያል (የሁለቱን ብዜቶችና የብዜቶቹን ድምር ሁሉ የያዘውን ስብስብ) ብትወስዱ፣ ዋይን በኤክስ ስናባዛ የምናገኘው ኤክስን በዋይ ስናባዛ ከምናገኘው ጋር እኩል መሆኑ ሁለቱን አመንጪዎች ይጠምዳቸዋል፤ ሌላው ግንኙነት ሁሉ የዚህ ብዜት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አጋማሽ የሒሳብ ሊቃውንቱ ኦስላንደር፣ ቡክስባውም እና ሴር ነገሩን ከሪንጉ በኩል አዩት፤ ኖቴሪያን የሆነ (አይዲያሎቹ ሁሉ በውሱን አመንጪዎች የሚገኙ) ኮሙታቲቭ ሎካል ሪንግ (አንድ ብቻ ማክሲማል አይዲያል ያለው) ሬጉላር (በጂኦሜትሪ አነጋገር ሹል ነጥብ የሌለው) የሚሆነው ግሎባል ዳይሜንሽኑ (የሞጁሎቹ ሁሉ ፕሮጀክቲቭ ዳይሜንሽን የሚደርስበት ከፍተኛ ልክ) ውሱን ሲሆን፣ ያን ጊዜም ብቻ ነው። ሬጉላር ሪንግ በፕራይም አይዲያል ሎካላይዝ ሲደረግ (ከአይዲያሉ ውጪ ባሉ አባላት ማካፈል ሲፈቀድ) ሬጉላር ሆኖ መቅረቱ በጠቅላላው የተረጋገጠው በዚህ መንገድ ነበር፤ ሞጁሎችን መቁጠር ስለ ሪንጉ ይህን ያህል ሊናገር መቻሉ ዛሬም ያስደንቀኛል።

በሚቀጥለው ጊዜ ስትመጡ ኤክስ፣ ዋይ እና ዜድ ያሉበትን የፖሊኖሚያል ሪንግ በወረቀቱ አናት ላይ ጽፋችሁ፣ ሦስቱ የሚያመነጩትን አይዲያል ያለ ኮምፒውተር ሠርታችሁ አምጡ። ጥማዶቹ ሦስት፣ በጥማዶቹ መካከል ያለው ግንኙነት ደግሞ አንድ መሆን አለበት፤ አራተኛ ጥማድ ያገኘ ካለ ወረቀቱን ሳይቀድ ይዞት ይምጣ፣ አብረን እናየዋለን።