የገዛሁትን ቢራ አትርፌ ብሸጥ ምን ያስከስሰኛል?

ጥያቄ፦ የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። ከአንድ ዓመት በላይ ቅዳሜ ቅዳሜ ክራፍት ቢራ ጠማቂዎች ደጅ እየተሰለፍኩ በቁጥር ተወስኖ የሚወጣውን ቢራ እገዛለሁ። በ22 ዶላር የገዛሁትን አራት ጣሳ ፌስቡክ ላይ ባለ ዝግ ግሩፕ ውስጥ ከ90 እስከ 120 ዶላር እሸጠዋለሁ። ማስታወቂያው ላይ «የሚሸጠው ጣሳው ነው፣ ውስጡ ያለው ለመጠጥ አይደለም» ብዬ እጽፋለሁ። ባለፈው ሐምሌ ወደ ኦሃዮ በፖስታ ቤት ከላክኋቸው ስምንት ጣሳዎች ሁለቱ ፈንድተው ደረሱ። ገዢው «240 ዶላሬን ካልመለስክ ለኤቢሲ አመለክታለሁ» ይለኛል፤ ኤቢሲ የሚለው የቨርጂኒያን የአልኮል ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ነው። ካርቶኑ ላይ የጻፍኩት «በርበሬና ሽሮ» ብዬ ነው። ግሪን ካርድ አለኝ፤ ለዜግነት ላመለክት ነው። አጎቴ ሜሪላንድ ውስጥ ሊከር ስቶር ስላለው የቀረውን በሱ በኩል ብሸጠውስ? ለመሆኑ ታክስ ከፍዬ የገዛሁት የራሴ ንብረት አይደለም ወይ?

መልስ፦ ከመጨረሻው ልነሳ፤ ሌላው ሁሉ የሚመዘዘው ከሱ ነው። አዎ፣ ቢራው የእርስዎ ንብረት ነው። ሊጠጡት፣ ሊያስቀምጡት፣ 21 ዓመት ለሞላው ወዳጅዎ በነፃ ሊሰጡት ይችላሉ። መሸጥ ግን አይችሉም። በአሜሪካ ሕግ አልኮል እንደ ጫማ ወይም እንደ ስልክ አይታይም። በ1933 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የሕገ መንግሥቱ 21ኛ ማሻሻያ የመጠጥ ክልከላውን ሲሽር አልኮልን የመቆጣጠሩን ሥልጣን በሰፊው ለስቴቶች ተወላቸው። አብዛኞቹ ያኔ የዘረጉት ሦስት እርከን ዛሬም ቆሟል፦ ጠማቂ ለአከፋፋይ፣ አከፋፋይ ለቸርቻሪ፣ ቸርቻሪ ለጠጪ፤ ሁሉም በየፈቃዱ። እርስዎ የተሰለፉበት ጠማቂ በራሱ ደጅ የሚሸጠውም ለዚያ የተሰጠው ፈቃድ ስላለ ነው። ጠጪ ጋ ሲደርስ መስመሩ ያበቃል።

በቨርጂኒያ ሕግ ቁጥር 4.1-302 መሠረት ያለ ፈቃድ አልኮል የሸጠ ሰው ክላስ 1 ሚስዲሚነር (ቀላል ከሚባሉት ወንጀሎች አንዱን) ፈጽሟል። ይህ ከሚስዲሚነሮች ሁሉ ከባዱ ነው፤ ቅጣቱ እስከ 12 ወር እስራትና እስከ 2,500 ዶላር ይደርሳል። ለሁለተኛ ጊዜ ጥፋተኛ የተባለ ሰው ቢያንስ 30 ቀን ይታሰራል፤ ዳኛው እንኳ ያንን ሊገድበው አይችልም። እያንዳንዱ ሽያጭ ደግሞ ለብቻው ክስ ሊሆን ይችላል።

ግሩፖቹ ውስጥ ሰው ሁሉ የሚሳሳተው «ሽያጭ» የሚለው ቃል ላይ ነው። የቨርጂኒያ ሕግ በቁጥር 4.1-100 ቃሉን ሲተረጉም ገንዘብ መቀበልን ብቻ አላለም። ትእዛዝ መቀበል፣ ለሽያጭ ማቅረብ፣ ለሽያጭ ማስቀመጥ፣ መለዋወጥ፣ በዓይነት መገበያየት፣ በማንኛውም መንገድ «በነፃ ካልሆነ በቀር» ማስረከብ ሁሉ ሽያጭ ነው ይላል። እንግዲህ «እኔ የለጠፍኩት ብቻ ነው፣ ማንም አልገዛኝም» ያለ ሰው ለሽያጭ አቅርቧል። «ቢራ በቢራ ተለዋወጥን እንጂ ብር አልተቀበልኩም» ያለውም ሸጧል። «በገዛሁበት በ22 ዶላር ነው የለቀቅሁለት፣ ሳንቲም አላተረፍኩም» የሚለውም እንዲሁ። ጓደኞችን ሰብስቦ ጠርሙስ እየከፈቱ ከእያንዳንዱ 15 ዶላር መዋጮ መቀበልም ከዚሁ አያመልጥም። በዕጣ የሚያወጡት ደግሞ በዚህ ላይ የቁማር ሕግ ይጨመርባቸዋል።

ብዙ ሰው የሚከራከርበት ዋጋው ግን ሕጉን አያሳስበውም። በ22 ገዝቶ በ120 መሸጥ ነውር ነው የሚሉ አሉ፤ ጠማቂው ሆን ብሎ ዝቅ ያደረገውን ዋጋ መሀል ገብቶ መቀማት ነው ይላሉ። የለም፣ ገበያ ነው፣ ሰልፉን የቆመ ሰው ድካሙን ያስከፍል የሚሉም አሉ። የቨርጂኒያ ዋጋ ማናርን የሚከለክል ሕግ አደጋ ታውጆ በአስፈላጊ ሸቀጦች ላይ የሚደረገውን ጭማሪ የሚመለከት ነው፤ ብርቅዬ ስታውት (ጥቁር ቢራ) እዚያ ውስጥ አይገባም። ፈቃድ ያለው ሱቅ መደርደሪያው ላይ 120 ቢለጥፍ ዋጋው ብቻውን አያስከስሰውም፤ እርስዎ በ5 ዶላር ቢሸጡት ያስከስስዎታል። ይህን ልዩነት ካልያዙ የሚመጣው ምክር ሁሉ ይምታታብዎታል።

ጠማቂው «መልሶ መሸጥ ክልክል ነው» ሲል ደግሞ ጉዳዩ የውል ነው። ቤልጅየም ውስጥ የቅዱስ ሲክስቱስ ገዳም መነኮሳት የሚጠምቁትን ዌስትፍሌተረን ለረጅም ዘመን በስልክ ቀጠሮ እየሰጡ፣ ገዢው መልሶ እንዳይሸጥ እያሳሰቡ ከደጃቸው ይሸጡ ነበር። በ2018 አንድ የኔዘርላንድ ሱፐርማርኬት ገዳሙ ከ2 ዩሮ ባነሰ የሚሰጠውን ጠርሙስ ወደ 10 ዩሮ ሲሸጠው ቅሬታቸውን በአደባባይ ተናገሩ፤ በ2019 ሽያጩን ወደ ራሳቸው የኢንተርኔት ገጽ አዛወሩት። ፈቃድ ያለው ነጋዴ እንዲህ ሲያደርግ የሚጥሰው የጠማቂውን ፍላጎት፣ ቢበዛም ውል ነው። እርስዎ ላይ የሚመጣው የስቴቱ ዐቃቤ ሕግ ነው። ጠማቂው ከአባልነት ቢሰርዝዎት እሱ ቀላሉ ነው።

«የሚሸጠው ጣሳው ነው» የሚለው ጽሑፍ የትም አያደርስዎትም። ኢቤይ ላይ ለዓመታት «መሰብሰቢያ ጠርሙስ» በሚል ስም ቢራና ውስኪ ሲሸጥ ቆይቶ በ2012 ድርጅቱ ራሱ በሩን ዘጋው። ፌስቡክም በ2019 በግለሰቦች መካከል የአልኮል ሽያጭን ከልክሏል። ባዶ ጣሳ 30 ሳንቲም አያወጣም፤ 120 ዶላሩ ለምን እንደተከፈለ ዳኛው ለማወቅ አይቸገርም። እንዲያውም ያ ጽሑፍ የሚጎዳዎት እርስዎን ነው፤ ክልክል መሆኑን እያወቁ እንደሸጡ ያሳያል።

«ማን ይከታተለኛል» ለሚለውም መልስ አለ። በ2013 ቨርሞንት ውስጥ አንዲት ሴት ሄዲ ቶፐር የተባለውን ቢራ አምስት ካርቶን በ825 ዶላር ክሬግስሊስት በተባለው የኢንተርኔት ማስታወቂያ ገጽ ላይ አውጥታ ተከሳለች፤ ገዢ መስለው የቀረቧት የስቴቱ የአልኮል ቁጥጥር መርማሪዎች ነበሩ። የቨርጂኒያ ኤቢሲም የፖሊስ ሥልጣን ያላቸው መርማሪዎች አሉት። የግሩፑ መዘጋት መከላከያ አይሆንም፤ አባል ለመሆን አንድ ጥያቄ መመለስ ነው የሚበቃው።

ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበኝ ፖስታ ቤቱ ነው። እስካሁን ያልነው የስቴት ሕግ ነበር፤ ይህ ፌዴራል ነው። በፌዴራል የወንጀል ሕግ ክፍል 18 ቁጥር 1716 ቢራን ጨምሮ አልኮል በዩኤስ ፖስታ መላክ ክልክል ነው፤ እያወቀ የላከ እስከ አንድ ዓመት እስራት ይጠብቀዋል። ቁጥር 1263 ደግሞ የትኛውም የአልኮል ጭነት ምንነቱን፣ መጠኑንና ተቀባዩን የሚያሳይ ሰነድ ይዞ እንዲሄድ ያዛል፤ «በርበሬና ሽሮ» የሚለው ጽሑፍዎ ከዚህ ጋር ፊት ለፊት ይጋጫል። ዩፒኤስና ፌዴክስም መፍትሔ አይደሉም፤ አልኮል የሚቀበሉት ውል ከገቡ ባለፈቃዶች ብቻ ነው። በዚያ ላይ ካርቶኑን በር ላይ ማን እንደተቀበለ አያውቁም። የ19 ዓመት ልጅ ከሆነ ሌላ ክስ ነው።

ጣሳው ለምን እንደፈነዳ መገመት አይከብድም። ብዙ የፍራፍሬ ጭማቂ ተጨምሮባቸው ሳይጣሩ የሚታሸጉ ቢራዎች ውስጥ እርሾም ስኳርም ይቀራል። በቅዝቃዜ እርሾው ተኝቶ ይቆያል፤ በሐምሌ ሙቀት የጭነት መኪና ውስጥ ሁለት ቀን ሲያድር ነቅቶ መፍላት ይጀምራል፤ ጋዙ መውጫ ሲያጣ ጣሳውን ይቀደዋል። ጠማቂዎቹ ጣሳው ላይ «ሁልጊዜ በቅዝቃዜ ይቀመጥ» ብለው የሚያትሙት ለዚህ ነው። ብረቱ ስለት ነው፤ ካርቶኑን የከፈተው ሰው እጁን ተቆርጦ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምናወራው ስለ 240 ዶላር ባልሆነ ነበር።

ገንዘቡን ይመልሱለት። በሕገወጥ ሽያጭ የተጣሉ ሁለት ሰዎችን ፍርድ ቤት በአብዛኛው ባሉበት ይተዋቸዋል፤ ገዢው ቢከስዎት ላይሳካለት ይችላል። ነገር ግን ለ240 ዶላር ብሎ ይህን ታሪክ መዝገብ ላይ ማስፈር ኪሳራ ነው። ሲመልሱ ግን አጻጻፉን ይጠንቀቁ። ሙሉውን በተከፈለዎት መንገድ፣ በዜል ከሆነ በዜል፣ በቬንሞ ከሆነ በቬንሞ ይላኩ፤ «የከፈሉትን 240 ዶላር መልሻለሁ» ብለው ያቁሙ። «እንዳያመለክቱብኝ» የሚል ቃል እንዳይጨምሩ፤ ወንጀልን ለመሸፈን የሚደረግ ክፍያ ራሱን የቻለ ጥፋት ሊሆን ይችላል። ሰውየው ከዋጋው በላይ ጠይቆ ማስፈራራቱን ከቀጠለ መልስ አይስጡት፤ በክስ እያስፈራሩ ገንዘብ መቀበል በቨርጂኒያ ከባድ ወንጀል ሊሆን ይችላል፣ መልእክቶቹን ለጠበቃዎ ያሳዩ። ማስታወቂያዎቹን ዛሬውኑ ያውርዱ፤ ከማውረድዎ በፊት ግን ስክሪንሾት አንስተው ያስቀምጡ፤ የተጻጻፉትን አያጥፉ። ማስረጃ ማጥፋት ትንሹን ክስ ትልቅ ያደርገዋል። መርማሪ ቢደውል ወይም በር ቢያንኳኳ «ጠበቃዬ በሌለበት አልናገርም» ማለት መብትዎ ነው፤ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ካልያዘ የማስገባት ግዴታ የለብዎትም።

የጊዜውን ጉዳይም ይወቁት። በቨርጂኒያ ሚስዲሚነር በጥቅሉ በአንድ ዓመት ውስጥ ካልተከሰሰ ይታገዳል፤ የፌዴራሉ ግን አምስት ዓመት ነው። የሐምሌው ካርቶን ገና ብዙ ዕድሜ አለው።

ዜግነቱን በተመለከተ ማመልከቻውን ለጊዜው ያቆዩት፤ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ሳያዩ ኤን-400 የተባለውን የዜግነት ማመልከቻ ቅጽ አያስገቡ። ያለ ፈቃድ አልኮል መሸጥ ብቻውን ከአገር ከሚያስባርሩ ወንጀሎች ተርታ ይገባል ብዬ አላስፈራራዎትም። አስቸጋሪው ቅጹ ነው። ተይዘው፣ ተጠርተው ወይም ተከሰው እንደሆነ ብቻ ሳይሆን ያልተያዙበት ወንጀል ፈጽመው እንደሆነም ይጠይቃል። በመሐላ ሐሰት መመለስ ከቢራው እጅግ ይከፋል፤ እውነቱን እንዴት እንደሚመልሱ ደግሞ ጠበቃ ይዘው የሚወስኑት ነው። መጥሪያ ከመጣ «ቅጣቱን ከፍዬ ልገላገል» ብለው ጥፋተኛ ነኝ እንዳይሉ። በ2010 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በፓዲላ ጉዳይ እንደወሰነው፣ የወንጀል ጠበቃዎ ጥፋተኝነቱ በግሪን ካርድዎ ላይ የሚያመጣውን የመባረር አደጋ ሊነግርዎት ግዴታ አለበት፤ ይጠይቁት። በጄነራል ዲስትሪክት ፍርድ ቤት ቢፈረድብዎት በ10 ቀን ውስጥ ይግባኝ ካሉ ጉዳዩ በሰርኪዩት ፍርድ ቤት እንደ አዲስ ይታያል።

ታክሱም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ገቢ ከሕገወጥ ሥራ ቢመጣም ለአይአርኤስ (ለፌዴራሉ ታክስ ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት) ገቢ ነው። የዓመቱ የተጣራ ትርፍ 400 ዶላር ከደረሰ የግል ሥራ ታክስም ይጨመራል፤ የቢራው መግዣ ግን ይቀነስልዎታል። ያለፈውን ዓመት ካላስገቡ አካውንታንቱ ጋ ከመሄድዎ በፊት ጠበቃ ያናግሩ፤ ለጠበቃ የሚነግሩት ምስጢር ነው፣ ለአካውንታንት የሚነግሩት እንደዚያ አይደለም።

አጎትዎን አያስነኩ። ባለፈቃድ ቸርቻሪ ቢራውን መግዛት ያለበት ፈቃድ ካለው አቅራቢ ነው፤ ሱቁ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ከሆነማ የጅምላ ሻጩ በዋናነት ካውንቲው ራሱ ነው። ተቆጣጣሪ መጥቶ መደርደሪያ ላይ ያለውን ከደረሰኝ ጋር ሲያመሳክር የእርስዎ ጣሳ ደረሰኝ የለውም፤ የሚታገደው ወይም የሚሰረዘው የእሳቸው ፈቃድ ነው። በዚሁ ምክንያት እርስዎ ራስዎ ፈቃድ ቢያወጡም አይጠቅምዎትም። ፈቃዱ ከአከፋፋይ ገዝተው እንዲሸጡ ነው የሚያስችልዎት፤ ተሰልፎ በችርቻሮ ገዝቶ መልሶ ለመሸጥ የሚሆን ፈቃድ የለም።

ጥያቄዎ ውስጥ ባይኖርም በየቤቱ ስላለ ልጨምር። ጠላም በሕጉ ዓይን ቢራ ነው፣ ጠጅም ወይን። የፌዴራል ሕጉ አንድ አዋቂ ላለበት ቤት በዓመት 100 ጋሎን (378 ሊትር ገደማ)፣ ሁለትና ከዚያ በላይ አዋቂ ላለበት 200 ጋሎን ለራስ መጠጫ ያለ ታክስ መጥመቅ ይፈቅዳል። ለማኅበርና ለልደት ጠምቆ መጋበዝ ይቻላል፤ በጆግ 40 ዶላር ብሎ መሸጥ ግን እርስዎን ያስጠየቀው ያው ቁጥር 4.1-302 ነው። አረቄ ማውጣት በጭራሽ ሌላ ነገር ነው፤ ለራስ መጠጫም ቢሆን በፌዴራል ሕግ ከባድ ወንጀል ነው።

የቀረውን ቢራ ዛሬ ማታ ከጋራዥ አውጥተው ፍሪጅ ያስገቡት፤ በተለይ ፍራፍሬ ያለበትን። ያበጠ ጣሳ ካለ ወፍራም ጓንትና መነጽር አድርገው ውጭ ይጣሉት እንጂ አይክፈቱት። ጠበቃ ጋ ሲሄዱ የማስታወቂያዎቹን ስክሪንሾት፣ ከኦሃዮው ገዢ ጋር የተጻጻፉትን፣ የፖስታ ቤቱን ደረሰኝ፣ የዜልና የቬንሞ ዝርዝር፣ ያለፈውን ዓመት የታክስ ወረቀትና ግሪን ካርድዎን ይያዙ።