ዶሮዎቻችሁ ቤታቸውን እስኪያውቁ

ልጆቼ፣ እንዴት ሰነበታችሁ?

በቅርቡ አንድ የጎረቤት ልጅ ማታ አንድ ሰዓት ላይ በሬን አንኳኳ። በዚያው ቀን 12 ቄብ ገዝቶ አምጥቷል። ቤት ሠርቶላቸዋል፤ ቆርቆሮው አዲስ፣ ሽቦው ጠንካራ፣ ወለሉ ላይ ሰጋቱራ የተነሰነሰበት ጥሩ ቤት። "ጋሼ፣ አንገባም ብለዋል። አሥሩ የውሃ በርሜሉ ሥር ተከማችተዋል፣ ሁለቱ አጥሩ ላይ ናቸው። ምን ይሻለኛል?" አለኝ። ሰማዩ ከብዶ ነበር። ባትሪ ይዘን ወጣንና አንድ በአንድ እያነሳን አስገባናቸው። ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ያስነሳኝ ያ ምሽት ነው።

34 ዓመት በእንስሳት እርባታ ባለሙያነት ሠርቻለሁ። የሌማት ትሩፋት በ2015 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ብዙ ወጣቶች በጓሯቸው ዶሮ ሲይዙ አያለሁ፤ ደስ ይለኛል። ስለ መኖ ትጠይቁኛላችሁ፣ ስለ ፈንግል ክትባት ትጠይቁኛላችሁ። ጎበዞች ናችሁ። ስለ መጀመሪያው ሳምንት አመሻሽ ግን የሚጠይቀኝ የለም። ዶሮ ሲመሽ በራሷ ትገባለች ብላችሁ ስለምታስቡ ይመስለኛል።

እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው። ያደግሁት ገጠር ነው። ቆጡ ከጓዳው በር በላይ ነበር፣ ዶሮዎቹም ከእኛው ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ያድራሉ። ሲመሽ ይገባሉ፤ እንዴት እንደተማሩት ጠይቄ አላውቅም። አንድ ምሽት ግን ቁጭ ብዬ አየሁ። የአንዲት እናት ዶሮ ጫጩቶች ሁለት ወር ሊሆናቸው ነበር። እስከዚያ ቀን መሬት ላይ ክንፏ ሥር አቅፋ ነበር የምታሳድራቸው። ያን ቀን ቆጡ ላይ ወጣችና ወደ ታች እያየች ትጣራ ጀመር። እነሱ አንገታቸውን እየሰገጉ ከፍታውን ይለካሉ። አንዱ ዘለለ፣ ወደቀ። እንደገና ዘለለ፣ እንጨቱን በአንድ እግሩ ይዞ ተንጠለጠለና ወደቀ። እናትየው ወረደች። ጥቂት አብራቸው ቆየችና ተመልሳ ወጣች። በሦስተኛው ጊዜ ሁለቱ ጎኗ ደረሱ። የቀሩት ያን ሌሊት መሬት አደሩ፤ እሷም ወርዳ አብራቸው አደረች።

እናንተ የምትገዟት ቄብ ይህን ትምህርት አላገኘችም። ሳሶ የሚባለው ዝርያም ትሁን ቦቫንስ የሚባለው፣ የተፈለፈለችው በማሽን ነው። ከብዙ መቶ ጓደኞቿ ጋር በአንድ አዳራሽ፣ ሰጋቱራ ላይ አድጋለች። ሙቀት የሚሰጣት አምፖል ወይም ምድጃ ነበር። 45 ወይም 60 ቀን ሞልቷት በካርቶን ተጭና ስትመጣ ቆጥ አታውቅም፣ ጀምበር ስትጠልቅ አይታ አታውቅም፣ ጨለማ አደጋ እንዳለው የነገራት የለም። ስለዚህ "እምቢተኛ ናት" አትበሉ። እናቷ ልታስተምራት የሚገባውን የምታስተምሯት እናንተ ናችሁ።

ይህን የተረዳሁት በሰው ኪሳራ ነው። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ዶሮ ለአባወራዎች እናከፋፍል ነበር። ለአንዲት እናት አሥር ቄብ ሰጠኋቸው። ስለ መኖውም ስለ ውሃውም ደህና አድርጌ አስረዳሁ። ስለ መጀመሪያው ሌሊት አንድ ቃል አልተናገርኩም። ማታ ዘነበ። ዶሮዎቹ ከቤታቸው ውጭ አንድ ጥግ ላይ ተደራርበው አደሩ። በማግስቱ ስሄድ አራቱን ጆንያ ላይ አስተኝተው ጠበቁኝ። ብርድ ብቻ አልነበረም የገደላቸው፤ ከላይ በተጫኗቸው ታፍነው ነው። "ልጄ፣ እኔ ምን አጠፋሁ?" አሉኝ። ምንም አላጠፉም። ያጠፋሁት እኔ ነበርኩ።

እንግዲህ እንዲህ አድርጉ። ያመጣችኋቸው ቀን በቀጥታ ቤታቸው ውስጥ አስገቧቸው፤ ግቢውን አታስጎብኟቸው። ከአምስት እስከ ሰባት ቀን አይውጡ። መኖውም ውሃውም እዚያው ይሁን፤ ነፋስ የሚገባበት እንጂ የታፈነ ቤት አይሁን። ያሳዝኗችሁ ይሆናል። ግድ የለም፣ ታገሡ። በእነዚህ ቀናት "የምበላው፣ የምጠጣው፣ የማድረው እዚህ ነው" የሚለው ነገር ይገባቸዋል። ብዙ ሰው በሁለተኛው ቀን አንጀቱ እየተላወሰ ይከፍትላቸውና ሙሉ ወር አጥር ለአጥር ሲያባርር ይከርማል።

በየምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ዓይን መያዝ ሲጀምር ግቡ። ዶሮ ሲጨልም ዳፍንት እንደያዘው ሰው ናት፤ ስለማታይ አትሸሽም። ወለል ላይ የተኮለኮሉትን በሁለት እጅ ክንፋቸውን አቅፋችሁ አንሱና ቆጡ ላይ አስቀምጡ። ወዲያው አትልቀቁ። ጥፍሯ እንጨቱን ሲጨብጥ በእጃችሁ ይሰማችኋል፤ ያኔ ቀስ ብላችሁ ልቀቁ። መልሳ ትዘል ይሆናል። መልሳችሁ አስቀምጡ። በሦስተኛው አራተኛው ምሽት አንዷ በራሷ ወጥታ ታገኟታላችሁ። አንዷ ከወጣች ሌሎቹ ይከተላሉ።

ቆጡ ራሱ ምቹ ካልሆነ ግን ልፋታችሁ ከንቱ ነው። አራት አምስት ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ ጠርዙ የተላገ እንጨት ይሁን። የተላጠ ባሕር ዛፍም ይሆናል። ቱቦ ብረት አታድርጉ፤ ያንሸራትታል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል። ለቄብ መጀመሪያ ከወለሉ 30 ሳንቲ ሜትር ብቻ ከፍ ይበል፤ ሲለምዱ ከፍ ታደርጉታላችሁ። ለአንዲት ዶሮ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ቦታ ያስፈልጋታል። አንድ ነገር ደግሞ አትርሱ፦ የእንቁላል መጣያው ሳጥን ከቆጡ ዝቅ ያለ ይሁን። ዶሮ ከፍ ያለውን ቦታ ፈልጋ ነው የምታድረው። ሳጥኑ ከፍ ካለ እዚያ ታድራለች፣ እዚያ ትኮሳለች፤ ኋላ የምትለቅሙት እንቁላል ሁሉ የቆሸሸ ይሆናል። መጣል እስኪቃረቡ ድረስ፣ ማለትም እስከ 17ኛው ሳምንት ገደማ፣ ሳጥኑን ዘግታችሁ ብታቆዩት ይሻላል።

ሳምንቱ ሲሞላ ጠዋት አትክፈቱ። ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ትንሽ ራብ ብሏቸው ሳለ ክፈቱ። ሩቅ ለመሄድ ጊዜ የላቸውም። ማታ የሚበሉትን ውስጥ አድርጉ። ስንዴ ወይም የተከካ በቆሎ በጣሳ ይዛችሁ አንኳኩ፤ ድምፁን ቶሎ ይለምዱታል። በየቀኑ የምትከፍቱበትን ሰዓት ቀደም ቀደም አድርጉ።

ስለ መብራት ልጨምር። ግቢው ገና ወገግ ብሎ ሳለ የቤቱ ውስጥ ከጨለመ፣ በሩ ለዶሮዋ ጥቁር ጉድጓድ ነው። አትገባም። ውስጥ ትንሽ መብራት ለግማሽ ሰዓት አንጠልጥሉ። ሁሉም ቆጥ ላይ ሲወጡ አጥፉት፤ እንቅልፍ ያስፈልጋቸዋል።

በዱላ አታስገቧቸው። ልጆችና ውሻም አያሯሯጧቸው። በዱላ የገባች ዶሮ ቤቱን ከዱላው ጋር ነው የምታስታውሰው፤ ነገ ከበሩ ትሸሻለች።

ለምደው ሲገቡ የነበሩ ዶሮዎች ድንገት አንገባም ካሉ ደግሞ እነሱን ሳይሆን ቤቱን መርምሩ። ሌሊት ባትሪ ይዛችሁ የቆጡን ሥርና ስንጥቁን እዩ። ቀን ስንጥቅ ውስጥ ተደብቀው ሌሊት ደም የሚመጥጡ ቀያይ ጥቃቅን ተባዮች አሉ። ጎንበስ ብላችሁ በዶሮዋ ቁመት ልክ አሽትቱ፤ የኩሱ ሽታ ዓይናችሁን ካቃጠለ የእሷንም ያቃጥላል፤ ጉዝጓዙን ቀይሩ። ሽቦው የላላበት ቦታም ፈልጉ። ሸለምጥማጥ አንድ ሌሊት ከጎበኛቸው ቤቱን ይፈሩታል፤ እውነታቸውን ነው።

ነባር ዶሮ ካላችሁ ጥሩ አስተማሪ ትሆናለች። በተለይ የሐበሻ ዶሮ፤ እሷ ስትወጣ አይተው ይወጣሉ። ነገር ግን አዲሶቹን ቢያንስ ሁለት ሳምንት ለብቻ አቆዩ፣ ሁሉም የተከተቡ መሆናቸውንም አረጋግጡ።

ያ የጎረቤት ልጅ ሳምንቱን ሙሉ ዘግቶ አቆያቸው፤ ማታ ማታ እየገባ ቆጥ ላይ ያስቀምጣቸው ነበር። በዘጠነኛው ቀን ጠራኝና በርጩማ አውጥቶ ጓሮው ውስጥ ተቀመጥን። ጣሳውን አንኳኳ። አሥራ አንዱ እየተጋፉ ገቡ። አንዷ ብቻ በርሜሉ ሥር ትጭራለች። ሊይዛት ብድግ ሲል ክንዱን ያዝኩት። በርሜሉን ዞረችው። እስከ በሩ ሄዳ አንገቷን አስገባች፣ አወጣች፣ አጥሩን አየች። ከዚያ ገባች። ውስጥ ክንፍ ሲርገበገብ ሰማን። ልጁ በሞባይሉ መብራት ገብቶ በሹክሹክታ ቆጠረ፤ አሥራ ሁለት። መብራቱን አጥፍቶ በሩን ቀስ ብሎ ዘጋው።