ሄፓታይተስ ሲ እና አውቶኢሚዩን በሽታ አብረው ሲመጡ፦ ጥያቄና መልስ

ፋርማሲስት ነኝ። ሩማቶይድ አርትራይተስ አለብኝ፤ አውቶኢሚዩን ከሚባሉት፣ የሰውነት መከላከያ በገዛ አካሉ ላይ ሲነሳ ከሚመጡት በሽታዎች አንዱ ነው፣ መገጣጠሚያን ያጠቃል። ጉበትን የሚያጠቃው ቫይረስ ሄፓታይተስ ሲም ነበረብኝ፣ ድኛለሁ። ዛሬ ማታ የቻልኩትን ያህል እመልሳለሁ። ስትጠይቁ ሦስት ነገር ጻፉልኝ፦ የምትወስዱትን መድኃኒት በሙሉ፣ የጉበታችሁን ጠባሳ ደረጃ፣ የሄፓታይተስ ቢ ምርመራ ውጤታችሁን። እነዚህ ከሌሉ የምናገረው ሁሉ ግምት ነው።

ትዕግሥት፦ ጋሼ፣ ሉፐስ ካለብኝ ስምንት ዓመት ሆነኝ፤ ሄፓታይተስ ሲ ግን ገና አሁን ነው የተገኘብኝ። አክስቴ ለዚሁ ቫይረስ ስትታከም ታይሮይዷ ታውኮ እስከ ዛሬ መድኃኒት ትወስዳለች። ሉፐሴ ይነሳብኛል ብዬ ማዘዣውን ሁለት ወር ሙሉ በቦርሳዬ ይዤው እዞራለሁ።

መልስ፦ አክስትሽ መርፌ ነበር የሚወጉት? እንግዲያው ኢንተርፌሮን ነው። የኢንተርፌሮን ሥራ የሰውነትን መከላከያ መቀስቀስ ነው። መከላከያው በገዛ አካሉ ላይ ለተነሳበት ሰው ደግሞ ይህ በእሳት ላይ ቤንዚን ማርከፍከፍ ነው። ታይሮይድ፣ ሉፐስ፣ ሶርያሲስ፣ ሩማቶይድ ሁሉ ይቀሰቀስ ነበር።

እኔም ቀምሼዋለሁ። ዓርብ ማታ ተወግቼ ሌሊቱን በሁለት ብርድ ልብስ ተጠቅልዬ ጥርሴ ሲንገጫገጭ ያድራል። በአራተኛው ወር ጣቶቼ አብጠው የሸሚዜን ቁልፍ የምትቆልፍልኝ ባለቤቴ ነበረች። አቋረጥኩት፤ ቫይረሱም ተመልሶ መጣ።

አሁን ያሉት ክኒኖች ግን ሌላ ናቸው። ሶፎስቡቪር እ.ኤ.አ. በ2013 በአሜሪካ ተፈቀደ፤ ከቬልፓታስቪር ጋር የተጣመረው በ2016፣ ግሌካፕሬቪርና ፒብሬንታስቪር ደግሞ በ2017 ተከተሉ። የሚያግዱት ቫይረሱ ራሱን የሚያባዛባቸውን ፕሮቲኖች ነው፤ ሥራቸው መከላከያን መቀስቀስ አይደለም። የመጀመሪያው ጥምር በቀን አንድ ክኒን ለ12 ሳምንት ነው፤ ሁለተኛው ቀድሞ ላልታከመ ሰው አብዛኛውን ጊዜ 8 ሳምንት ይበቃዋል። ከ100 ታካሚ ከ95 በላይ ይድናል። እህቴ፣ የአክስትሽ ፍርሃት ለአክስትሽ ዘመን ልክ ነበር። ማዘዣውን ከቦርሳሽ አውጪው። የሉፐስ መድኃኒትሽን በራስሽ እንዳታቆሚ፣ ክትትልሽንም አታቋርጪ። ሄፓታይተስ ቢ ተመርምረሻል?

ዮናስ፦ ዶክተር፣ ይሄ መድኃኒት ጥሩ ነው?

መልስ፦ ዶክተር አይደለሁም። የትኛው መድኃኒት? ለማን? መግቢያውን አንብበህ ተመለስ።

ሄለን፦ ቬልፓታስቪር ያለበትን ልጀምር ነው። ለጨጓራዬ ኦሜፕራዞል እወስዳለሁ።

መልስ፦ አብሮ መውሰድ አይመከርም። አሲድ ሲቀንስ መድኃኒቱ ወደ ደም የሚገባው ያንሳል። ከመጀመርሽ በፊት ለሐኪምሽ ንገሪ።

የእናቷ ልጅ፦ እናቴ 61 ዓመቷ ነው። መገጣጠሚያዋ ያማታል፣ ሩማቶይድ ፋክተር የሚባለው የደም ምርመራዋ ፖዘቲቭ ነው፣ እግሯ ላይ ሐምራዊ ነጠብጣቦች ይወጣሉ። ሩማቶይድ ነው ተብሎ ሜቶትሬክሴት የሚባለው መድኃኒት ሊጀመርላት ሲል ሄፓታይተስ ሲ ተገኘባት። የትኛው ይቅደም?

መልስ፦ እንዲህ ያለ ጥያቄ ነው የምፈልገው። ሄፓታይተስ ሲ ራሱ አውቶኢሚዩን በሽታ መስሎ ይመጣል። ክራዮግሎቡሊን የሚባል፣ ሲቀዘቅዝ የሚረጋ ፕሮቲን በደም ውስጥ እንዲፈጠር ያደርጋል፤ ያ ፕሮቲን ትንንሽ የደም ሥሮችን ያቆስላል። መገጣጠሚያ ያማል፣ እግር ይደነዝዛል፣ ነጠብጣብ ይወጣል። ጥርት ያለ ብርጭቆ በነጠብጣቦቹ ላይ ጫን አድርገሽ እዪ፤ ቀለማቸው ካልጠፋ ደሙ ከሥር ወጥቶ ቆዳ ውስጥ ፈሷል ማለት ነው።

ሩማቶይድ ፋክተር በሄፓታይተስ ሲ ብቻ ፖዘቲቭ ሊሆን ይችላል። የሚለየው ፀረ-ሲሲፒ የሚባለው ምርመራ ነው፤ ቫይረሱ ብቻ ባለበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ኔጋቲቭ ነው። ሲ4 የሚባለው የደም ፕሮቲን ዝቅ ማለቱንም ይዩላት። የክራዮግሎቡሊን ደም ሲቀዳ ደግሞ ሴረሙ (ፈሳሹ ክፍል) እስኪለይ ድረስ በ37 ዲግሪ ሙቀት መቆየት አለበት። እንደ ሌላው ደም መደርደሪያ ላይ ከተቀመጠ ፕሮቲኑ ረግቶ ከታች ይቀራል፣ ውጤቱም «የለም» ይላል። ላብራቶሪው እንዴት እንደሚይዘው ቀድመሽ ጠይቂ። ሽንቷም ለፕሮቲንና ለደም ይታይ፤ ኩላሊትን ይነካል።

ክራዮግሎቡሊን ከሆነ ዋናው ሕክምና ቫይረሱን ማጥፋት ነው፤ ድንዛዜው ግን ቀስ ብሎ ነው የሚሻለው። ኩላሊቷ ከተነካ ሌላ ሕክምናም ሊጨመር ስለሚችል አትዘግዩ። ሜቶትሬክሴት ጉበትን ስለሚጫን የጉበትና የመገጣጠሚያ ሐኪሞቿ ሳይነጋገሩ አይጀመር። የሄፓታይተስ ቢ ምርመራዋስ?

ቢኒያም፦ ይሄ ሁሉ ንግድ ነው። 12 ሳምንት ውጬ ጨረስኩ፣ ስመረመር አሁንም ፖዘቲቭ ነኝ።

ሄለን፦ የትኛውን ምርመራ ነው ያደረግከው? አንቲቦዲውን እንዳይሆን።

ቢኒያም፦ ፖዘቲቭ ፖዘቲቭ ነው። የመንደር ሐኪም አትሁኚብኝ።

ትዕግሥት፦ እኔኮ አሁን ቆርጬ ነበር። እንደገና አስፈራችሁኝ።

መልስ፦ ተዉ! ሄለን ልክ ናት። አንቲቦዲ ቫይረሱ አንድ ጊዜ እንደገባ ብቻ ነው የሚናገረው፤ የዳነ ሰውም ደሙ ውስጥ ይቆያል። መዳን የሚታወቀው ክኒኑ ካለቀ ከ12 ሳምንት በኋላ በሚሠራ፣ ቫይረሱን ራሱን በሚፈልግ የአርኤንኤ ምርመራ ነው። ቢኒያም፣ እሱን አሠራና ውጤቱን ይዘህ ና፤ ያኔ እንነጋገራለን።

ሰናይት፦ ሄፓታይተስ ቢ ለምን ይደጋገማል? የእኛ ሲ ነው።

መልስ፦ ሁለቱ አንድ ሰው ውስጥ ሲኖሩ ሲ ቢን ያፍነዋል። ሲ በክኒን ሲጠፋ ቢ ሊነቃ ይችላል፤ ጉበት የወደቀበትና የሞተ ሰው አለ። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2016 በእነዚህ መድኃኒቶች ሁሉ ላይ ከፍተኛውን ማስጠንቀቂያ ያስጻፈው ለዚህ ነው። እኛ ደግሞ ሪቱክሲማብና ስቴሮይድ የመሳሰሉ መከላከያን የሚያዳክሙ መድኃኒቶች የምንወስድ ሰዎች ነን፤ እነሱም ቢን ሊቀሰቅሱ ይችላሉ። ስለዚህ እደጋግመዋለሁ።

ሰናይት፦ እሺ። የምወስደው ስቴሮይድ፣ ፕሬድኒሶሎን፣ ቫይረሱን ያበዛል ሲሉ ሰምቼ ከትናንት ጀምሮ ትቼዋለሁ።

መልስ፦ ሰናይት፣ ዛሬውኑ ለሐኪምሽ ደውዪ። ለሳምንታት የተወሰደ ፕሬድኒሶሎን በአንድ ቀን አይተውም፤ ሰውነትሽ የራሱን ሆርሞን መሥራት ስላቆመ ራስሽን ልትስቺ ትችያለሽ። የቫይረሱ መጠን ከፍ ማለቱ እውነት ነው፤ ክኒኑን ግን አያሸንፈውም።

ማርታ፦ ማርገዝ እያሰብኩ ነው፤ ልታከም ወይስ ልጠብቅ?

መልስ፦ ከሐኪሞችሽ ጋር የምትወስኚው ነው። አንዳንዴ ከክኒኖቹ ጋር የሚጨመረው ሪባቪሪን ከታዘዘልሽ ግን ጽንስን ይጎዳል።

ዮናስ፦ ይቅርታ ጋሼ፣ አንብቤ መጣሁ። መከላከያዬ ጉበቴን የሚያጠቃበት አውቶኢሚዩን ሄፓታይተስም አለብኝ፤ አዛታዮፕሪንና ፕሬድኒሶሎን እወስዳለሁ። ጠባሳው አራተኛ ደረጃ ነው። ቢ ኔጋቲቭ ነው። ግሌካፕሬቪር ያለበትን ልጀምር ነው።

መልስ፦ አሁን ገባኝ፤ ደግ አደረግህ። አራተኛ ደረጃ ማለት ሲሮሲስ ነው፤ ብትድንም በየስድስት ወሩ አልትራሳውንድ አይቀርልህም። ሁለቱን መድኃኒቶችህን እንዳትነካ። ሆድህ ውሃ ቋጥሮ ያውቃል? ዓይንህ ቢጫ ሆኖ፣ ወይም ግራ ተጋብተህ ታውቃለህ? ከእነዚህ አንዱ ካለ ግሌካፕሬቪር ለአንተ አይሆንም፤ ሌላውን ጥምር ነው የሚያዩልህ። ክኒኑን ሳትከፍት ይህን መልስልኝ፤ እየጠበቅኩህ ነው።